እጁን የታጠበው ጲላጦስ ብቻ ነው!

«ውሃ ይዛችኋል?»

አዋላጇ ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችን ይህንን ነው። ስም አልጠየቀችም። ካርድ አልጠየቀችም። «ምጡ ከጀመራት ስንት ሰዓት ሆናት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የመጣው ከውሃው በኋላ ነው። ቦታው ከነገሌ ቦረና እስከ አሬሮ በተዘረጋው ቆላማ አገር ካሉት ከተሞች በአንዷ የሚገኝ የጤና ተቋም ነው። ስሙን አልጠራም። የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። የአንዱን ስም ብጠራ የቀሩት «እንኳን እኛን አልሆነ» ብለው እፎይ እንዳይሉ ነው።

ምጥ የያዛት የወንድሜ ሚስት ነበረች። ወንድሜ እሷን ለእኛ ትቶ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። ከአህያ ጋሪ ላይ ሁለት ጀሪካን ገዝቶ እያለከለከ ተመለሰ። በዚያ ሁለት ጀሪካን ውሃ ሴትዮዋ ተገላገለች፣ አልጋው ታጠበ፣ ዕቃው ታጠበ፣ ወለሉ ተወለወለ። ለአዋላጇ እጅ የቀረው በአንድ ጣሳ የምትለካ ውሃ ነበረች። በዚያች ሌሊት እዚያው ክፍል ውስጥ ሌሎች ሁለት እናቶች ነበሩ። አዋላጇ አንድ ነች። እጇም ሁለት ነው።

ወንድ ልጅ ተወለደ። እልል ተባለ። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት እምቢ አለ፣ ሰውነቱም ጋለ። በስድስተኛው ቀን ቀበርነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈችው «ኢንፌክሽን» የምትል አንዲት ቃል ነች። ከየት ገባ? በእጅ ነው ወይስ በመቀስ? ከአልጋው ነው ወይስ ከቤታችን? የጠየቀ የለም። የመዘገበም የለም። ከወር በኋላ የሰማነው ነገር ቢኖር አዋላጇ «በንጽሕና ጉድለት» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደ ደረሳት ብቻ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው!

ስለዚህ ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። እኔ የምከሰው ያቺን ልጅ አይደለም። ሲነጋ ጥግ ይዛ ስታለቅስ አይቻታለሁ። የኔ ተከሳሽ እጇን የምትታጠብበትን ውሃ ሳያቀርብላት፣ እጅሽን አልታጠብሽም ብሎ የሚቀጣት አካል ነው። ጲላጦስ እንኳ በሕዝቡ ፊት ቆሞ እጁን ሲታጠብ ውሃ ነበረው። የኛዎቹ ጲላጦሶች ግን ያለ ውሃ መታጠብ ችለውበታል። አንዲት ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ማኅተም ያሳርፋሉ፣ በቃ፤ ከደሙ ንጹሕ ናቸው!

ነገሌና ውሃ የቆየ ሒሳብ አላቸው

ለመሆኑ ነገሌ ቦረና ላይ የውሃ ነገር ቀላል ነገር ነው ያለው ማን ነው? የረሳ ካለ እናስታውሰው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሠፈረው ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምክንያታቸው ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ማርክስንም ሌኒንንም አላነሱም። የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ግን ይሠራል። ወታደሮቹ «ከእናንተ እንቅዳ» ቢሉ «አይቻልም» ተባሉ። በዚህ ላይ የሚቀርብላቸው ምግብ የሚበላ አልነበረም። መኮንኖቻቸውን ያዙ። ጃንሆይ ጉዳዩን እንዲያበርዱ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ያዙና እኛ የምንበላውን ብሉ፣ እኛ የምንጠጣውን ጠጡ አሏቸው። ጄኔራሉም በሉ፤ ጠጡም።

የንጉሡ ዙፋን የወደቀው በአንድ የውሃ ፓምፕ ብልሽት ነው አንልም። የወሎው ረሃብ ነበረ፣ የነዳጁ ዋጋ ነበረ፣ የመምህሩና የታክሲ ነጂው ብሶት ነበረ። ነገር ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ለተፈጸመው ነገር ከተለኮሱት ክብሪቶች የመጀመሪያው ነገሌ ላይ ተጫረ። እሱም የተጫረው «እናንተ ውሃ አላችሁ፣ እኛ የለንም» በሚል ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥት ተፈራርቋል። አሬሮ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር አውራጃ መሆኗ ቀረ። ክልል መጣ፣ ዞን መጣ፣ ወረዳ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ምሥራቅ ቦረና የሚባል አዲስ ዞን ተቋቁሞ ነገሌ ዋና ከተማው ተደረገች። በጉጂ በኩል ተቃውሞ ተነሣ። ነገሌ የማን ናት በሚለው ስንት ስብሰባ፣ ስንት ሰልፍ፣ ስንት መግለጫ ሆነ! ነገሌ የማንም ትሁን የማን፣ በነገሌም ሆነ በአሬሮ የምትወልድ እናት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ሊያዋልደኝ የመጣው እጅ ታጥቧል ወይ?» ይህን ጥያቄ በአጀንዳ የያዘ ስብሰባ አልሰማንም።

ደግሞስ ውሃ የለም እንዴ? ገናሌ እየገማሸረ የሚያልፈው በማን ደጅ ነው? በወንዙ ላይ የተገነባው ገናሌ ዳዋ 3 ግድብ 254 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል። መልካም ነው፤ ኤሌክትሪክ አንጠላም። ግን ወንዝ አቁሞ ብርሃን ማውጣት የቻለ አገር፣ ለአንዲት ማዋለጃ ክፍል አንዲት ቧንቧ መዘርጋት አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ሁለት ጀሪካንና 100 ሊትር

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ሒሳብ አያዳላም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ተቋማት ባወጣው መመዘኛ መሠረት ለአንድ ተመላላሽ ሕመምተኛ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ለተኛ ሕመምተኛ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ያስፈልጋል። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ወይም ለአንድ ወሊድ ደግሞ 100 ሊትር። 100 ሊትር ማለት በኛ ጀሪካን አምስት ነው። ወንድሜ ያመጣው ሁለት ነበር። ሦስቱ ጀሪካን የት ሄደ? ያ ሦስት ጀሪካን ነው እጅ፣ ያ ሦስት ጀሪካን ነው አንሶላ፣ ያ ሦስት ጀሪካን ነው የታጠበ መቀስ። በኔ ሒሳብ ደግሞ ያ ሦስት ጀሪካን የአንድ ሕፃን ነፍስ ነው።

እንዲህ ስል «አንተ ሐኪም አይደለህም፣ በምን አወቅህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይደለሁም። ግን የሐኪሞቹ አለቃ የሆነው ድርጅት የሚለውን ማንበብ አያቅተኝም። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በሀብታም አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕመምተኞች 7ቱ ይዘውት ያልመጡትን ኢንፌክሽን እዚያው ይሸምታሉ ይላል። እንደኛ ባሉት አገሮች ቁጥሩ 15 ነው። እንዲህ ከተያዙት 10 ሰዎች በአማካይ አንዱ ይሞታል። እጅ መታጠብና ሌሎቹ ቀላል ጥንቃቄዎች በደንብ ቢሠራባቸው ግን ከዚህ ሁሉ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ይቻላል።

ልብ በሉ! ይህ አዲስ መድኃኒት ይገኝለት የሚባል በሽታ አይደለም። ማሽን ከጀርመን ይምጣ የሚባልም አይደለም። ሳሙና ነው። ውሃ ነው።

ስለ ራሳችን አገር ደግሞ እንነጋገር። «እናት ሕይወት ስትሰጥ ሕይወቷን ማጣት የለባትም» የሚለውን መፈክር የማያውቅ የለም። በየግድግዳው ተለጥፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «በጤና ተቋም ውለዱ» ብለው እናቶችን ለመኑ። እናቶችም ሰሙ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ። በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ይህ በእውነቱ ትልቅ ሥራ ነው፣ የሠራው ሊመሰገን ይገባል።

ታዲያ ሕፃናቱስ? በ2008ቱ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011ዱ ጥናት 33 ሆነ። ወደ ጤና ተቋም የመጡት እናቶች በእጥፍ ሊጠጉ፣ የሚሞቱት ጨቅላዎች አልቀነሱም! ምክንያቱ ኢንፌክሽን ብቻ ነው አልልም። ያለ ጊዜው የሚወለድ አለ፣ ሲወለድ የሚታፈን አለ። ነገር ግን ከሦስቱ ዋና ዋና ገዳዮች አንዱ ኢንፌክሽን ነው። እናቲቱን ከጎጆዋ ጠርተን አምጥተን ባልታጠበ እጅ ከተቀበልናት፣ ጥሪያችን ምን ዓይነት ጥሪ ነው?

በአገራችን ባህል እንግዳ የጠራ ሰው መጀመሪያ የሚያቀርበው ማስታጠቢያ ነው። እንጀራው ከመምጣቱ በፊት ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ይዞራል። እስላሙ ውዱእ ሳያደርግ ለሰላት አይቆምም። መታጠብን አናውቅም የሚለን ካለ ይዋሻል። ለእንጀራ የምንታጠብ ሰዎች ለቁስል የማንታጠብበት ምክንያት ባህል አይደለም። ማስታጠቢያውን ሊያቀርብ የሚገባው ባለቤት ቤቱን ትቶ ስለ ሄደ ነው።

የሐኪሞቹን ዕዳም አንሸፍንም

ወገን ለይቼ አልከራከርም። ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ሳሙናው ተቀምጦ፣ እጁን ሳይታጠብ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሻገር ሐኪም አላየንም? አይተናል። ያውም ብዙ ጊዜ ትልቁ ዶክተር ነው። ከኋላው ተማሪዎችና ነርሶች ተከትለውት፣ የአንዱን ቁስል ገልጦ ያያል፣ ከዚያ የሌላዋን ሆድ ይነካል፣ እጁን ወደ ጋውኑ ኪስ ይከታል። ሲስተሯ አይታ ዝም ትላለች። «ዶክተር፣ እጅዎን» ብትል ምን እንደሚከተላት ታውቃለች።

ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሰመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበረ። በሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሚያዋልዱት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ናቸው፤ በሁለተኛው አዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል እናቶቹ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ሰመልቫይስ መረመረና ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዷ እንደሚመጡ አየ። ከበር ላይ በክሎሪን የተበጠበጠ ውሃ አስቀመጠና «ሳትታጠቡ አትገቡም» አለ። በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 የነበረው የእናቶች ሞት በሰኔ ወር ወደ 2 ወረደ። በሁለት ወር ውስጥ!

ጎበዝ ተብሎ ተሸለመ? ምን ይሸለማል! «የተከበረ ሐኪም እጁ እንዴት ገዳይ ይባላል?» ብለው ተነሡበት። ሥራውን አጣ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1865 ሞተ። የሞተውም በተመረዘ ቁስል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው የኖረው ነገር እሱኑ ገደለው።

እኛም ዘንድ ያው ኩራት አለ። ጓንት ያጠለቀ ሁሉ ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል። አንድ ጓንት አጥልቆ አምስት ሕመምተኛ የነካ ሰው ጓንቱ የጠበቀው ራሱን ነው፣ ሕመምተኞቹን አይደለም። ሕጉ አምስት ነው፣ እያንዳንዱ አስታማሚ ሊያውቀው ይገባል። ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ መርፌና ቱቦ የመሰለ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነካ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነካ በኋላ፣ አልጋውንና ዙሪያውን ያለውን ዕቃ ከነካ በኋላ። በእነዚህ በአምስቱ ጊዜ እጅ ይጸዳል። ጓንት ከመጠለቁ በፊትም ከወለቀ በኋላም ይጸዳል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሆስፒታል ስትገባ አትፈር። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎን ታጥበዋል?» በል። ይህ ስድብ አይደለም። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም። የሚቆጣውን ሐኪም ግን እግዜር ይሁንህ!

ፖስተር እጅ አያጥብም

የበላዮቹን ስትጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ሥልጠና ሰጥተናል» ይሉሃል። እውነት ነው፣ ሰጥተዋል። ካሽ የሚባል የንጹሕና ምቹ ሆስፒታል ዘመቻ ከታወጀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የዓለም የእጅ ንጽሕና ቀን ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። አስቂኝነቱ ደግሞ ፖስተሩ የሚለጠፈው ከቧንቧው በላይ ነው። ቧንቧው ደረቅ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ሥዕል ግን ውሃ ሲፈስ ያሳያል! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እጅን ያጸዳው ስብከት እንዳልሆነ የታየበት አገር አለ። ጄኔቭ። እዚያ ያለው ሆስፒታል እንደኛ ውሃ አልጠፋበትም። ቢሆንም ሠራተኞቹ መታጠብ ከሚገባቸው ጊዜ ውስጥ የሚታጠቡት ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር፤ 48 በመቶ። ምክንያቱን ሲያጠኑ ስንፍና ብቻ ሆኖ አልተገኘም። ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ወደ ቧንቧው እየሄደ ለመታጠብ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ፕሮፌሰር ዲድየ ፒቴና ባልደረቦቹ አልኮል ያለበትን ማሻ በየአልጋው አጠገብ አስቀመጡ። አለቆቹም ከፊት ሆነው ደገፉ። ከ1994 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሚያጸዳው ሰው 66 በመቶ ደረሰ። የሆስፒታሉ ኢንፌክሽን ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። በሳሙና በደንብ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይወስዳል፤ አልኮሉ ከ20 እስከ 30 ይበቃዋል።

«እሱ ለሀብታም ነው» እንዳትሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀመሩን አሠራር ለማንም በነፃ ሰጥቷል። ለ10 ሊትር 96 በመቶ የሆነ ኤታኖል 8 ሊትር ከ333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፣ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ከተቀመመ በኋላ 72 ሰዓት ይቀመጣል። በቃ! አንድ የሆስፒታል ፋርማሲስት የሚሠራው ነገር ነው። ኤታኖሉስ? ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲያወጡት የኖሩት፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤንዚን ጋር ስንቀላቅለው የነበረው ነው። ለመኪና የተገኘ ኤታኖል ለማዋለጃ ክፍል የሚጠፋው በምን ሒሳብ ነው? በርግጥ አልኮል ሁሉን አይተካም። ደም የነካው እጅ ውሃና ሳሙና ይፈልጋል። ግን ከአልጋ ወደ አልጋ ለምትሮጥ አንዲት ነርስ ነፍስ ነው።

ደግሞ እንችላለን! ችለንም አሳይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ ሲባል ምን ሆነ? በሳምንት ውስጥ በየባንኩ በር፣ በየቀበሌው፣ በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ በርሜል ቆመ። ቧንቧ ተገጠመለት፣ ሳሙና ተንጠለጠለ። ዩኒቨርሲቲዎች ሳኒታይዘር ቀመሙ። ዘበኛው «ታጠብ!» ብሎ ሚኒስትሩንም ገበሬውንም እኩል አስቆመ። ያኔ ውሃው ከየት መጣ? በጀቱ ከየት ተገኘ? የተገኘው ሞት የትልቁንም በር ስላንኳኳ ነው። ፍርሃቱ ሲያልፍ በርሜሉም አለፈ። አንዳንዱ ዛሬ ሲሚንቶ ይቦካበታል።

የድሃ ልጅ ሲሞት ግን በር የሚያንኳኳ የለም። ባለሥልጣኑ ሲታመም ባንኮክ ይሄዳል፣ ዴልሂ ይሄዳል። የቦረናዋ እናት የምትሄድበት ሌላ አገር የላትም።

ከአባ ሔሬጋ ተማሩ

ቦረናን ስለ ውሃ ማስተማር ለባሕር ጨው እንደ መሸጥ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት፣ የሐገያውም የጋናውም፣ ሳይዘንብ ሲቀር ከብቱ አልቆ ሕዝቡ መጠለያ ሲገባ አይተናል። ይህ ሕዝብ ግን ለዘመናት በዚያ ደረቅ ምድር የኖረው በሥርዓት ነው። ዱብሉቅን፣ ሜልባናን፣ ሌሎቹንም ጥልቅ የቱላ ኤላዎች ያየ ያውቃል። ወጣቶች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ያወጡታል። ዝም ብሎ የሚቀዳ የለም። አባ ሔሬጋ የሚባል የተራ አባት አለ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ፣ ገንዳው መቼ እንደሚጠረግ፣ ማን እንዳጎደለ የሚያውቀው እሱ ነው። ኤላው ቢቆሽሽ ወይም ተራው ቢዛባ የሚጠየቀው ይታወቃል።

አሁን ጥያቄዬን ስሙኝ። በየጤና ተቋማችን ለማዋለጃው ክፍል ውሃ ተጠያቂው ማነው? የውሃ ቢሮን ብትጠይቅ «የጤና ነው» ይልሃል። ጤና ቢሮን ብትጠይቅ «የውሃ ነው» ይልሃል። ወረዳው «በጀቱ ዞን ነው» ይላል። ዞኑ «ክልል ነው» ይላል። ሁሉም እጁን ይታጠባል! አንድ የከብት ገንዳ ተጠያቂ ያለው አገር፣ አንድ የሰው ማዋለጃ ተጠያቂ የሌለው ምን ቢሆን ነው?

የምንጠይቀው

ልመና አይደለም። ግብር ከፍለናል።

አንደኛ፣ ለውሃ፣ ለሳሙና፣ ለበረኪናና ለሳኒታይዘር የተያዘ ብር በየጤና ተቋሙ በጀት ለብቻው ተጽፎ ይታይ። ለስብሰባ አበልና ለመኪና ጎማ የማይዛወር ይሁን። ሮቶ የሌለበት፣ ቦቴ ወይም ጉድጓድ ያልተመደበለት ማዋለጃ ክፍል ከመመረቁ በፊት ሪባኑ አይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ የእጅ ማሻው አልኮል በአገር ውስጥ ኤታኖል በየሆስፒታሉ ይቀመም፣ ለጤና ጣቢያዎቹም ይታደል። በየአልጋው ራስጌ ይቀመጥ፤ በስቶር ተቆልፎ የአገልግሎት ጊዜው አይለፍ።

ሦስተኛ፣ ይቆጠር! ስንት እናት ወልዳ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች? ስንት የቀዶ ሕክምና ቁስል መገለ? ስንት ጨቅላ በኢንፌክሽን ሞተ? በየወሩ ተመዝግቦ በበሩ ላይ ይለጠፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የማይቆጠር ሞት ነው ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣው። የወንድሜ ልጅ በየትም መዝገብ ላይ በትክክለኛ ስሙ አልሞተም።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ የጤና ተቋም አንድ አባ ሔሬጋ ይኑረው። ስሙ የታወቀ፣ ውሃ ሲጠፋ የሚጠየቅ። ያኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ለአዋላጇ ሳይሆን ለእሱ ይሂድ፤ ከእሱም በላይ ላለው ይሂድ።

አምስተኛዋ የኔ የግሌ ነች። ባለሥልጣን ለጉብኝት ሲመጣ በፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ይዞ አይምጣ። ጄኔራል ደረሰ ነገሌ ላይ የወታደሩን ውሃ እንደ ጠጡ፣ እሱም ከማዋለጃው ክፍል ቧንቧ እጁን ይታጠብ። ውሃ ከመጣ እሰየው፤ እናመሰግናለን። ካልመጣ እጁ ላይ ሳሙናው እንደ ደረቀ ካሜራው ያንሣው። ያ ፎቶ በፊት ገጽ ይውጣ።

አስታጣቢ የሌለበት ቤት እንግዳ አይጠራም። እናቶቻችንን ጠርታችኋል። እነሱም መጥተዋል። በሩ ላይ ቆመው፣ ምጥ ይዟቸው፣ «ውሃ ይዛችኋል?» ከሚባሉ፣ እነሱ ይጠይቁና እናንተ መልሱ።

ውሃ ይዛችኋል?

ቸር ይግጠመን።